የዘይት ፊልትሮ አልፈታ ሲል፦ ከአዳማ የተነሳ ጥያቄና መልሶቹ

ይህን የውይይት ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተሰለፉትን መልሶች፣ የከፈተው የአዳማ ሰው ነው። ባለ 1.3 ሊትር ያሪስ አለው፤ ሞተሩ 2ኤንዜድ የሚባለው ነው። ዘይት ሊቀይር ከስር ገብቶ የማፍሰሻውን ታፖ ሳይነካ መጀመሪያ ዘይቱን የሚያጣራውን ፊልትሮ ቢሞክረው ንቅንቅ አልል አለው። በጨርቅ ይዞ ታገለ፣ እምቢ። ካቻቢቴ ሰክቶ ማዞር ይሻላል ወይስ ከዚያ በፊት የሚሞከር ነገር አለ ብሎ ጠየቀ።

ከ20 በላይ መልስ መጣለት። ብዙዎቹ መላሾች ሙያውን የሚያውቁ ናቸው፤ የቀሩትም ቢሆኑ በስህተታቸው የሚያውቁትን አናግረውልናል። መልሶቹን በየተራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ። ብሽሽቁን አሳጥሬዋለሁ፣ ክርክሩን ግን አልነካሁትም።

መልስ 1 ጠያቂው አቅጣጫውን አጣርቶ እንደሆነ ጠየቀ። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ፊልትሮ የሚፈታው ድፍኑን ጫፍ ፊት ለፊት እያዩ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ሲያዞሩት ነው። ከመኪናው ስር ለተኛ ሰው ይህ አያሻማም። ኮፈኑን ከፍቶ ከላይ እጁን ወደ ታች ሰዶ የሚዳብስ ሰው ግን ፊልትሮውን የሚያየው ከጀርባው ስለሆነ አቅጣጫው ይገለበጥበታል። ስንቱ ፈታሁ እያለ ያጠብቃል።

መልስ 2 በትህትና የጻፈ ነው። ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አስነስቶ ለብ ማድረግ፣ ማጥፋት፣ ፊልትሮውን በሳሙና ውሃ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሎበት ወይም የጎማ ጓንት አድርጎ መሞከር። ምክንያቱንም አልተወም፦ ፊልትሮን ሙጭጭ አድርጎ የሚይዘው የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ሳይሆን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀለበት ነው፤ ለብ ሲል ደግሞ ይለሰልሳል። እስኪግል ማስነሳት ግን አያስፈልግም፤ ትኩስ ዘይት ክንድ ላይ ሲወርድ ቀልድ የለውም።

መልስ 3ን የጻፉት ሁሉም ጋሼ እያለ የሚጠራቸው ሰው ናቸው፤ እኔም እንደዚያው ልጥራቸው። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ምክር የእሳቸው ነው። ጠያቂው ዘይቱን ሳያፈስ ፊልትሮውን በመሞከሩ አመሰገኑት። ፊልትሮው መላቀቁን ሳታረጋግጥ ታፖውን አትፍታ ነው የሚሉት። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ ፊልትሮው እምቢ ካለና ቆርቆሮው ከተቀደደ መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው፤ ወይ መካኒኩን መኪናው ያለበት ድረስ ማምጣት ወይ መኪናውን ማስጎተት ነው። ዘይቱ ውስጡ ካለና ፊልትሮው ካልተጎዳ ግን በራሱ ጊዜ ተነድቶ ጋራዥ ይደርሳል። ከዚህም አልፈው፣ መፍቻ የሌለው ሰው ለዛሬ ዘይቱን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ፊልትሮ ለጊዜው ቢተወው ሞተሩ አይሞትም አሉ። 2ኤንዜድ ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር፣ ያለ ፊልትሮ 3.4 ሊትር ነው የሚወስደው። የሚቀረው አሮጌ ዘይት 0.3 ሊትር ያህል ነው።

መልስ 4 አመሰገነ፣ ሄደ።

መልስ 5 ኮፍያ የሚመስለውን የፊልትሮ መፍቻ ግዛ አለ። ለዚህ መኪና 65 ሚሊ ሜትር ስፋትና 14 ጠርዝ ያለው ነው። ድፍኑ ጫፍ ላይ ይደፋል፣ በቡሶላ እጀታ ይዞራል፣ ጠባብ ቦታ ውስጥም ይገባል። መልስ 6 አረመው፦ ኮፍያው የሚይዘው ፊልትሮው ተመሳሳይ ጠርዝ ካለው ብቻ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ተተኪ ፊልትሮዎች አንዳንዶቹ 15 ጠርዝ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ስፋታቸው ይለያል። ኮፍያው ላላ ካለ አንድ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ የቆርቆሮውን ጠርዝ ይልጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይነት ኮፍያ አይዘውም። ስለዚህ በኮፍያውና በፊልትሮው መሃል ሻካራ ፊቱ ወደ ፊልትሮው የዞረ የብርጭቆ ወረቀት አስገብቶ፣ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ አድርጎ ማጥበቅ፣ ያኔ ማዞር። መጀመሪያ በወረቀት፣ ኋላ በጉልበት።

መልስ 7 መፍቻ ላልገዛ ሰው ነው። አሮጌ የፋን ቺንጋ ፊልትሮው ላይ ይጠመጠማል፣ ሁለቱ ጫፎች ተገጥመው ጠንካራ እንጨት ወይም የብረት ዘንግ ይሰካባቸዋል፣ ዘንጉ ሲሳብ ቺንጋው እየጠበቀ ይይዛል። ሁለት ነገር ግን መስተካከል አለበት። አንደኛው አጠማጠሙ ነው፦ ቺንጋው በሚፈታበት አቅጣጫ ሲሳብ መጥበቅ አለበት፤ ተገልብጦ ከተጠመጠመ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ቦታው ነው፦ በተቻለ መጠን ወደ ሞተሩ ተጠግቶ፣ ቆርቆሮው በሞተሩ በኩል ካለው ወፍራም የብረት ሳህን ጋር የተቆለመመበት ጫፍ አጠገብ። መሃሉ ላይ ከተጠመጠመ ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ፊልትሮ ደግሞ ምንም መፍቻ አይዘውም። የቀበቶ መፍቻ የገዛ ሰውም ይኸው ደንብ ይሠራለታል። የሰንሰለት መፍቻ ይበልጥ ይይዛል፣ ይበልጥም ይጨፈልቃል፤ ፊልትሮው የሚጣል ስለሆነ መጨፍለቁ ባልከፋ ነበር፣ ግን እየጨፈለቀ ካላዞረው ቀጣዩን መንገድ ይዘጋል።

መልስ 8 ላይ አየሩ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ወሬ ለምን ያስፈልጋል፣ ረጅም ካቻቢቴ በመዶሻ አስገብቶ አንዴ መጠምዘዝ ነው፣ ጋራዥ ሁሉ የሚሠራው እንደዚያ ነው የሚል ነው። መልስ 9 አላለፈውም፤ ጋራዥ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ትክክል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ይሄን ፊልትሮ በመፍቻ ጨምድዶ ያሰረው ማን ነበር ሲል መለሰ። ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ቀለበቱ በእርግጥ ከተጣበቀ ካቻቢቴው ፊልትሮውን ከማዞር ይልቅ ዙሪያውን እንደ ጣሳ ይከፍተዋል። አንዴ ከተበሳ ደግሞ መመለሻ የለም፣ ያ መኪና ዘይት አይዝም፣ ተነድቶ የትም አይሄድም።

ሁለቱ ትንሽ ተጋጩ። ጋሼ መልስ 10 ላይ ገቡ። ካቻቢቴ የመጨረሻ መንገድ ነው፣ ግን መንገድ ነው አሉ። የሚሰካ ሰው ቦታውን ይወቅ፦ ፊልትሮው የሚጠመዘዝበት ባለ ጥርስ ቱቦ ከሞተሩ ወጥቶ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊልትሮው ውስጥ ይገባል። በጣም ወደ ሞተሩ ተጠግቶ የሚሰካ ካቻቢቴ ይህን ቱቦ አግኝቶ ጥርሱን ይበላዋል፤ ድፍኑ ጫፍ ላይ የሚሰካም ወዲያው ቆርቆሮውን ይቀድዳል። ከሞተሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን እስኪወጣ ድረስ ይሰካ። ከስር ዕቃ ይቀመጥ፣ ዘይቱ ወዲያው ነው የሚወርደው። ሲዞር ቆርቆሮው መቀደድ ከጀመረ ያቁሙ፤ በጉልበት መቀጠል ሥራውን ያበዛል።

መልስ 11 ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይረጭበት አለ። መልስ 12 ምኑ ላይ እንደሚረጭ ጠየቀው፦ ጥርሱ ከመጀመሪያውም በዘይት የተነከረ ነው፣ አይዝግም፤ የተጣበቀው ጎማው ነው፣ የሚረጨውም ነገር እዚያ ድረስ አይገባም። ይልቅ የፊልትሮውን ውጭ አንሸራታች ያደርግና መልስ 2 ላይ የተደረቀውን ሁሉ ያበላሻል። ከክሩ አጭሩና ትክክለኛው እርማት ይሄ ይመስለኛል።

መልስ 13 ሙቀት ጎማውን ካለሰለሰው ለምን በጋዝ እሳት አይሞቅም አለ። ስለ መልስ 14 ቃላት ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ ጋሼ እንኳ ተቆጡ። ቆርቆሮው ውስጥ ዘይት አለ፣ ከስር የፈሰሰ ዘይት አለ፣ አጠገቡ የቤንዚን መስመር አለ፣ ሰውየው ደግሞ ከመኪናው ስር በጀርባው ተኝቷል። ከሞተሩ ለብታ በላይ ሌላ ሙቀት አያስፈልግም፣ አለቀ። በነገራችን ላይ ማንም ያላነሳውን እኔ ልጨምር፦ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር ገብቶ እንደዚህ ያለ ትግል አይታገልም። ዘንግ ሲሳብ መኪናው ይወዛወዛል፤ ማቆሚያ ይኑረው።

መልስ 15 ረጅሙ ነው፤ ፊልትሮው ተቀድዶ ሳህኑ ብቻ ሞተሩ ላይ ለቀረበት ሰው የተጻፈ። በቆርቆሮ መቀስ ወይም በፒንሳ የቆርቆሮውን ቀሪ ዙሪያውን ቆርጦ ማንሳት፣ ውስጡን ወረቀትና ባለ ቀዳዳውን ቱቦ ማውጣት። የሚቀረው ወፍራም ክብ ሳህን ነው፤ መሃሉ ላይ ባለ ጥርሱ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ዘይት የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ መዶሻ ይሄዳል። የጸሐፊው ብልሃት ግን ጎማውን ማጥቃት ነው፦ በቀጭን ሹል ነገር በሳህኑና በሞተሩ መሃል ያለውን የጎማ ቀለበት እየቆራረጡ ማውጣት። የሚያጣብቀው እሱ ነውና ግማሹ እንኳ ከወጣ ሳህኑ ይላላል፣ አንዳንዴም በእጅ ይዞራል። ካልሆነ ጠርዙን በጂራቱቦ (በቧንቧ መፍቻ) መያዝ፤ ቦታው ካላስገባ ደግሞ ትንሽ መሮ ከዘይት መግቢያዎቹ በአንዱ ውስጥ አጋድሞ አስገብቶ፣ በሚፈታበት አቅጣጫ በትንሽ መዶሻ ደጋግሞ መምታት። አንድ ትልቅ ምት አይሆንም፣ ብዙ ትንንሽ ምቶች ናቸው። መሮው የሞተሩን ፊት እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ያ ፊት አሉሚኒየም ነው፣ አንድ ጭረት ካረፈበት አዲሱም ፊልትሮ ሲያንጠባጥብ ይኖራል።

መልስ 16 ሌላ በር ከፈተ። አንዳንድ ፊልትሮ አልፈታ የሚለው ከመጀመሪያውም የዚያ መኪና ስላልሆነ ነው አለ። የያሪስ ቱቦ 3/4 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ አለው፤ የሀዩንዳይና የኒሳን ብዙዎቹ 20 ሚሊ ሜትር በ1.5 ናቸው። በዓይን ሲታዩ አይለዩም፣ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የቶዮታውን ፊልትሮ ሀዩንዳይ ላይ የሚያስር ሰው ገና ከጅምሩ ይጠብቅበታል፤ ነገሩ ያልገባው በመፍቻ ይገፋውና ጥርስ በጥርስ ላይ ይነክሳል። ሲፈታ ወይ ጥርሱ ተበልቶ ይመጣል ወይ ቱቦው ራሱ ከሞተሩ ተነቅሎ ከፊልትሮው ጋር ይወጣል። የሀዩንዳዩን ቶዮታ ላይ ማሰር ደግሞ ይብሳል፦ ደልደል ብሎ ይገባል፣ የታሰረ ይመስላል፣ ጥርሱ ግን የሚይዘው በጫፉ ብቻ ነው። የዘይቱ ግፊት ከ3 ባር ሲያልፍ ሊተፋው ይችላል። ቱቦው ከፊልትሮው ጋር ለወጣበት ሰውም መላውን ተናገረ፦ ፊልትሮውን ዕቃ ጨምድዶ በሚይዝ ሞርሳ ላይ አስሮ፣ በቱቦው ላይ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ አቆላልፎ፣ በዳዶው ማውጣት። ወደ ሞተሩ ሲመለስ የብሎን ጥርስ እንዳይላላ በሚይዝ ማጣበቂያ ይመለሳል። ባለሱቁ በመኪናው ስም ብቻ ሲሰጥ ከመቀበል አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማስተያየት ይበልጣል የሚለውን ጋሼም ደገፉት። ቁጥር ለሚፈልግ ለያሪሱ 90915-10003 ይሆነዋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ባከነ። መልስ 17 የአዳማ ሙቀት ከባድ ስለሆነ 20ደብሊው-50 የሚባለው ወፍራም ዘይት ነው የሚሻለው አለ። መልስ 18 በስታቲስቲክስ ሳይሆን በሞተሩ አሠራር ረታው፦ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚለቀው ቴርሞስታት ከ80 ዲግሪ ጀምሮ ስለሚከፍት ሞተሩ አዳማም ይሁን ደብረ ብርሃን የሚሠራበት ሙቀት ብዙ አይራራቅም። ጠዋት በብርድ ሲነሳ ግን ወፍራሙ ዘይት በፊልትሮው ወረቀት አላልፍ ይልና የፊልትሮው ማለፊያ ቫልቭ ይከፈታል፤ ያኔ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ለዚህ ሞተር 5ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-30 ይበቃዋል። መልስ 19 ባጃጅ ላይ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ባጃጅ እንዲህ የሚጠመዘዝ የቆርቆሮ ፊልትሮ የላትም፣ ሌላ ክር ክፈት ተባለ።

መልስ 20 የተቃጠለውን ዘይት የአጥር እንጨት ቢቀቡት ከምስጥ ያድናል አለ። ይህን ሁላችንም በየሰፈራችን የምናየው ነው። ጋሼ ግን አልወደዱትም፦ ያ ዘይት ዝናብ ሲመጣ ወደ አፈሩና ወደ ጉድጓድ ውሃው ነው የሚወርደው፣ በእጅ ሲቀባም ቆዳን ይጎዳል። በጄሪካን ይጠራቀም፣ ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ አሉ። አሮጌው ፊልትሮም ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ ዕቃ ላይ አንድ ሌሊት ይደር፤ ውስጡ ያለው ዘይት ትንሽ አይደለም።

መልስ 21 ነገሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ ሹል አድርጎም ነው የመለሰው። 20 ሰው ስለ መፍታት ሲያወራ ስለ ማሰር አንድ ሰው አልተናገረም አለ። ፊልትሮ አልፈታ የሚለው በታሰረበት ቀን ነው፦ ደረቅ ቀለበት፣ ያልተጠረገ ፊት፣ በመፍቻ የተጨመረ ጉልበት። ደረቅ ጎማ ሲዞር ብረቱን ነክሶ ይጠማዘዛል፣ በሞተሩ ሙቀት ይጋገራል፣ ወር በወር ይደርቃል። ስለዚህ ፊቱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ (አዳማ ላይ ነፋስ ባለበት ቀን አሸዋው ጨርቁን ቀድሞ ይደርሳል፣ አዲሱ ፊልትሮ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ከካርቶኑ አይውጣ)፣ ቀለበቱን በጣት አዲስ ዘይት መቀባት፣ በእጅ እያዞሩ ቀለበቱ ፊቱን እስኪነካ ማስገባት፣ ከነካበት ጀምሮ 3/4 ዙር በእጅ ብቻ መጨመር። በመለኪያ መፍቻ ለሚያስር 17.5 ኒውተን ሜትር ነው። ዙሩን ለመቁጠር ቆርቆሮው ላይ በማርከር ምልክት ማድረግ ይበቃል።

መልስ 22 በዘይት ፈንታ ግሪስ ይሻላል አለ። ብዙ አልተከራከሩበትም፤ ስስ ሆኖ ከተቀባ ጉዳት የለውም፣ ግን አዲሱ ዘይት እጅህ ላይ እያለ ግሪስ ፍለጋ ምን ያስሮጣል የሚል መልስ አገኘ። መልስ 23 ግን የሚያስደነግጠውን ተናገረ፦ አንዳንዴ ፊልትሮው ሲወጣ የአሮጌው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በዘይት ስለጠቆረ አይታይም። አዲሱ በላዩ ከታሰረ ሁለት ጎማ ተደራርቦ ይቀመጣል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ላያፈስ ይችላል። ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ሲነዳ ግን ግፊቱ ሲጨምር ጎማው ይሾልክና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ አስፋልት ላይ ያልቃል። አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጦ ቀለበቱ አብሮት መውጣቱን ማየት ሁለት ሰከንድ ነው።

ጠያቂው መልስ 24 ላይ ተመለሰ። ፊልትሮውን በቀበቶ መፍቻ፣ መልስ 7 እንዳለው ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ሲስበው ተላቀቀ። ታፖውን የፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ስንት ሊትር ልጨምር፣ ታፖውስ ምን ያህል ይጠብቅ ብሎ ጠየቀ። መልስ 25 እንዲህ ነው፦ ታፖው በ14 ቁልፍ፣ በአዲስ ማሸጊያ፣ 37 ኒውተን ሜትር አካባቢ። መጀመሪያ 3.4 ሊትር ብቻ ይጨምር፣ ሞተሩን ያስነሳ፣ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንዶች ካልጠፋ ወዲያው ያጥፋ። ከጠፋ ሁለት ደቂቃ ይሥራ፣ ከስር ፊልትሮውንና ታፖውን በባትሪ ይይ፣ ያጥፋ፣ ዘይቱ እስኪወርድ 5 ደቂቃ ይጠብቅ፣ መለኪያ ዘንጉን አይቶ የጎደለውን በትንሽ በትንሹ ይሙላ።

መልስ 26 ከሐዋሳ ነው። የእሱ ኮሮላ ሞተሩ 2ዜድአር ስለሆነ ቆርቆሮ ፊልትሮ የለውም፤ ፕላስቲክ ክዳን ውስጥ የሚገባ ወረቀት ነው፣ ክዳኑም አልፈታ ብሎታል። ጋሼ በአጭሩ መለሱለት፦ እዚያ ላይ ቺንጋም ካቻቢቴም አይነካም፣ ክዳኑ ይሰነጠቃል። 64 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ባለ 14 ጠርዝ ኮፍያ መፍቻ ብቻ፣ ቀጥ ብሎ የተደፋ። ሲመለስ 25 ኒውተን ሜትር፣ አዲስ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) በዘይት ተቀብቶ፣ በራሱ መስመር ላይ።